26 ወይስ 27? የአንድ የሀዋሳ ጎመን አባት ፍለጋ

ለዚህ የጉዳይ ጥናት መነሻ የሆኑት 19 የጎመን ችግኞች ናቸው። ችግኞቹን ያመጡልኝ ከሀዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ለረጅም ዓመታት አትክልት ሲያለሙ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰው ሲሆኑ፣ በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢቶቹን በባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ደርድረው እኔ ከምሠራበት የዕፅዋት ቤተ ሙከራ በር ላይ ደረሱ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት ስንጥር ተተክሏል። ያንን ስንጥር ሳይ ሰውዬው ሥራቸውን የምር እንደያዙት ገባኝ፤ ቁጥር የሌለው ችግኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነውና።

ባለማሳው ያደረጉት ይህ ነው። ባለፈው ጥቅምት የሐበሻ ጎመንን እናት፣ የቻይና ጎመንን አባት አድርገው በእጃቸው አዳቀሉ፤ ዘሩን በጥር ሰበሰቡ፤ በየካቲት ዘሩ። የሐበሻ ጎመን የሀዋሳን ፀሐይ ይችላል፤ ቅጠሉም እየተቀነጠሰ ደጋግሞ ይሰጣል። የቻይና ጎመን ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፤ ቅጠሉም ለስላሳ ነው። የሁለቱን ጠባይ በአንድ ተክል ማግኘት የእርሳቸው ምኞት ነበር። ዘሩን ሊገዛቸው የጠየቀ አንድ ነጋዴ ግን «በእርግጥ የተዳቀለ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጡ፤ ያኔ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን» አላቸው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ድቅል ይመስልዎታል?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ሁሉም ናቸው እንጂ ልጄ! በገዛ እጄ ያዳቀልኳቸው ዲቃላዎቼ ናቸው» አሉና ሳቁ።

በዚህ ጽሑፍ «ዲቃላ» የሚለውን ቃል ትቼ «ድቅል» የምለው፣ የፊተኛው በአፋችን ላይ ስድብነት ስለሚያጠላበት ነው። እርሳቸው ግን እስከ መጨረሻው «ዲቃላዎቼ» ከማለት አልተመለሱም።

በእጅ ማዳቀል ለድቅልነት ማረጋገጫ የማይሆንበት ምክንያት ከጎመን አበባ አሠራር ይመነጫል። አበባው 4 የአበባ ቅጠሎችና 6 ወንዴዎች አሉት፤ ከወንዴዎቹ 4ቱ ረጃጅም፣ 2ቱ አጫጭር ናቸው። የሐበሻ ጎመን የራሱን ብናኝ ተቀብሎ ዘር መያዝ የሚችል ተክል በመሆኑ፣ የሌላ ዝርያ ብናኝ ከመቀባቱ በፊት ስድስቱም ወንዴዎች እንቡጡ ሳይከፈት መነቀል አለባቸው። ባለማሳው ወንዴዎቹን መቼ እንደሚነቅሉ ስጠይቃቸው «ጠዋት፣ አበባው ፍንትው ሲል» አሉኝ። አበባው ፍንትው ካለ ወንዴው ብናኙን በትኖ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አጫጭር ወንዴዎችም ወደ ጎን ተደብቀው ስለሚቆሙ ለመዘንጋት የተመቹ ናቸው። አበባዎቹን በወረቀት ከረጢት አልሸፈኗቸውም ነበርና፣ ንብ ከጎረቤት መደብ ብናኝ ብታመጣ የሚከለክላት አልነበረም። ከዚህም ሌላ በጎመን ወገኖች ዘንድ የታወቀ አንድ እንግዳ ነገር አለ፦ የባዕድ ብናኝ ሴቴው ላይ ሲያርፍ ሳያዳቅል ዘሩን ብቻ ቀስቅሶት፣ ከአባት ምንም ያልወረሰ፣ እናቱን የሚመስል ተክል አንዳንዴ ይበቅላል። ስለዚህ ጥያቄው «ተዳቅለዋል ወይ?» በሚለው ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። «ከተዳቀሉስ አባታቸው ማን ነው?» የሚለውም አብሮ መመለስ ነበረበት።

የጎመን ቤተ ዘመድ ሒሳብ

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ጎመንን ያህል የሚመች ተክል ጥቂት ነው፤ ቤተ ዘመዱ ሒሳቡን ራሱ ይዞ ስለሚዞር። በ1935 እ.ኤ.አ. ናጋሃሩ ኡ የተባለው በጃፓን የተወለደ፣ አባቱ ኮሪያዊ የሆነ ተመራማሪ፣ ቶሺታሮ ሞሪናጋ ቀደም ብሎ በሠራቸው የማዳቀል ሙከራዎች ላይ ተመርኩዞ የስድስት የጎመን ዝርያዎችን ዝምድና በአንድ ሦስት ማዕዘን አስቀመጠው። በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ሰናፍጭ በ16 ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ዘረመልን የሚሸከሙ ጥቃቅን ክሮች)፣ ጥቅል ጎመን በ18፣ የቻይና ጎመንም የሚገኝበት ብራሲካ ራፓ የተባለው ዝርያ በ20 ይቀመጣሉ። በጎኖቹ ላይ ያሉት ሦስቱ ዝርያዎች በጥንት ዘመን ከእነዚሁ የተዳቀሉና የሁለቱንም ወላጆች ክሮሞሶም ሙሉውን የያዙ ናቸው። የእኛው የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ የሰናፍጭ 16 እና የጥቅል ጎመን ወገን 18 ሲደመሩ የተገኘ ባለ 34 ክሮሞሶም ተክል ነው። እናቶቻችን ዘሩን አልመው ምጣድ የሚያሰሱበት ያ ጎመን ዘር ራሱ የጥንት ድቅል ነው ማለት ነው።

እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ የክሮሞሶሙን ግማሽ ስለሚሰጥ፣ ከሐበሻ ጎመን እናት የሚመጣው 17 ነው። በዚህ ላይ አባት የሚጨምረው ማንነቱን ይናገራል። አባት ራሱ የሐበሻ ጎመን ከሆነ ልጁ 34 ይኖረዋል፤ በአካባቢው እንደ አረም የሚበቅለው ሰናፍጭ ከሆነ 17 እና 8 ተደምሮ 25፤ ጥቅል ጎመን ከሆነ 17 እና 9 ተደምሮ 26፤ የቻይና ጎመን ከሆነ 17 እና 10 ተደምሮ 27፤ ለዘይት የሚዘራው ሬፕሲድ ከሆነ ደግሞ 17 እና 19 ተደምሮ 36።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ 36 ብራሲካ ጁንሲያ የተባለው የሰናፍጭ ዘመድ በተፈጥሮው የሚይዘው ቁጥር መሆኑ ነው፤ 36 የቆጠረ ሰው ድቅል ይሁን ሌላ ዝርያ በቁጥር ብቻ ሊለይ አይችልም። ከዚህ የባሰም አለ፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆርጂ ካርፔቼንኮ የተባለው ሩሲያዊ ራዲሽን ከጥቅል ጎመን ሲያዳቅል ሁለቱም ወላጆች 18፣ ድቅሉም 18 ስለነበሩ መቁጠሩ ብቻውን ስለ ድቅልነቱ ምንም አይናገርም ነበር። ሁለተኛው ወጥመድ በቀጥታ የእኛን ጉዳይ የሚነካ ነው፤ 25፣ 26 እና 27 እግር በእግር የሚከታተሉ ቁጥሮች በመሆናቸው በአንድ ክሮሞሶም የተሳሳተ ቆጣሪ ለተክሉ ሌላ አባት ይሰጠዋል።

ከፀጉርና ከጆሮ የተገኘ ማስረጃ

ከቆጠራው በፊት ዓይንና ጣት የሚችሉትን እንዲሠሩ ወሰንኩ። ባለማሳውን ከእናቲቱና ከአባቱ ዘር ጥቂት ጥቂት እንዲያመጡልኝ ጠይቄ፣ ከ19ኙ ጎን በተመሳሳይ አፈር፣ በተመሳሳይ ጥላ አሳደግኋቸው። ይህ የሁለት ሳምንት መዘግየት አስከትሏል፤ ነጋዴውም በስልክ ሁለት ጊዜ አጣድፏል። ወላጆቹ ጎን ለጎን ካልቆሙ ግን «ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው» ወይም «ቀለሙ ይለያል» የሚለው ሁሉ ከወሬ አያልፍም፤ ማዳበሪያ ያገኘ የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ ይሰፋል፣ ውኃ የጠማው ቀለሙ ይለወጣል።

በዚህ ምክንያት የቅጠል ስፋትን፣ የቁመትንና የቀለምን ልዩነት ከመዝገቤ አስወጣሁ። የፈለግኩት እናት ፈጽሞ የሌላት፣ አባት ግን ያለው ምልክት ነበር፤ ልጁ ላይ ከተገኘ ከአባት በቀር የሰጠው የለምና። እናት ያላት ምልክት በልጁ ላይ መታየቱ ግን ምንም አያስረዳም፤ ራሷን ያዳቀለችም ያንኑ ታወርሳለችና። ባለማሳው ያዳቀሉበት የቻይና ጎመን በለጋ ቅጠሉ ጀርባ፣ በተለይ በመሐል ደም ሥሩ ላይ፣ ጣት ሲያልፍበት የሚሻክር ፀጉር አለው። ከእናቲቱ ዘር ባበቀልኳቸው ችግኞች ላይ ግን በአጉሊ መነጽር ፈልጌ አንድም ፀጉር አላገኘሁም። ቅጠሏን ገልብጠው በአውራ ጣት ሲዳስሷት እንደ ሰም የለሰለሰች ናት።

ከ19ኙ ሦስቱ፣ ቁጥር 4፣ ቁጥር 9 እና ቁጥር 17፣ ፀጉር ነበራቸው። ከአባታቸው የሳሳ ቢሆንም ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሰያፍ አድርጌ ስይዘው በደም ሥሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቆሞ ይታያል። የቀሩት 16ቱ ለስላሳ ነበሩ። ባለማሳው በዚህ ውጤት አልተደሰቱም፤ በተለይ የኮሩበት ቁጥር 11 ከለስላሳዎቹ ወገን መመደቡ ከነከናቸው። ቁጥር 11 በእርግጥ ከሁሉም የሚለይ ተክል ነበር፤ ቅጠሉ ወፍራምና የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተንዠረገገ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነበር። «ይህ የእናቱ ልጅ ብቻ ከሆነ እኔም የአባቴ ልጅ አይደለሁም» አሉ።

ፀጉሩም ቢሆን ብቻውን በቂ አይደለም። ሰናፍጭም የታችኛው ቅጠሉና ግንዱ ፀጉራም ነው፤ ንብ ከአጥር ሥር ከበቀለ ሰናፍጭ ብናኝ አምጥታ ቢሆንስ? ይህንን የሚለየው ሌላ ምልክት የቅጠሉ ግርጌ ነው። የቻይና ጎመን አበባ ሊያወጣ ዘንጉን ሲመዝ፣ በዘንጉ ላይ የሚወጡት የላይኞቹ ቅጠሎች እጀታ የላቸውም፤ ግርጌያቸው በሁለት ጆሮ ተከፍሎ ዘንጉን እንደ ክንድ ዙሪያውን ያቅፈዋል። የሰናፍጭም የሐበሻ ጎመንም የላይኛው ቅጠል ግን በአጭር እጀታ ላይ ይቆማል እንጂ ዘንጉን አያቅፍም። ችግሩ፣ ይህ ምልክት በችግኝ ላይ አለመታየቱ ነው፤ ዘንግ እስኪመዙ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመሐሉ ወደ ክሮሞሶሙ ሄድኩ።

በማይክሮስኮፕ ሥር

ክሮሞሶም የሚቆጠረው ሴሎች በሚባዙበት ቦታ በመሆኑ፣ የየከረጢቱን ጎን በምላጭ ቀድጄ ነጫጭ የሥር ጫፎችን ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሰበሰብኩ። ጫፎቹን በ0.002 ሞላር የ8-ሃይድሮክሲኩይኖሊን ፈሳሽ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ለ3 ሰዓት ተኩል አቆየኋቸው። ይህ ኬሚካል የሴሉን ክፍፍል መሐል ላይ ያስቆማል፤ ክሮሞሶሞቹንም ያሳጥራቸውና እርስ በርስ ይለያያቸዋል። ከዚያ 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ለ24 ሰዓት አሳደርኳቸው። በማግሥቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሞቀ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ማለስለስ፣ በአሴቶካርሚን ቀይ ማቅለም፣ ከዚያም ጫፏን ብቻ ቆርጦ በ45 ከመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብታ ላይ በስላይድና በስስ መስታወት መሐል በአውራ ጣት መጨፍለቅ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዙር በእኔ ጥፋት ተበላሸ። አሲዱ እየሞቀ ሳለ መብራት ጠፋ፤ እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ ከቴርሞስ ሙቅ ውኃ ጨምሬ ሙቀቱን በግምት ለመያዝ ሞከርኩ። ውጤቱ የሥር ጫፍ ሳይሆን ገንፎ ነበር፤ ክሮሞሶሞቹም ቀለም አልያዝ ብለው እንደ ጥላ ደብዝዘው ቀሩ። የሦስት ቀን ሥራ ተደፍቶ ከሥር መልቀም እንደገና ጀመርኩ።

የጎመን ክሮሞሶም ለቆጣሪ ደግ አይደለም። ጥቃቅን ነው፤ አብዛኛው ከ3 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ በ100 እጥፍ ሌንስ በዘይት ሲታይ እንኳ የተበተነ ጤፍ ይመስላል። ሁለቱ ሲደራረቡ አንድ ይሆናሉ፤ አንዱ መሐሉ ሲቀጥን ሁለት ይመስላል። ስለዚህ ያየሁትን በቃል አልቆጠርኩም፤ የእያንዳንዱን ሴል ሥዕል በእርሳስ በወረቀት ላይ እያወጣሁ፣ የሣልኩትን አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩበት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም የተክሉን ቁጥር ሳላሳያት ያንኑ ስላይድ ለብቻዋ ቆጠረች። በቅድሚያ የቆጠርነው ወላጆቹን ነው፤ እናት 34፣ አባት 20። ይህ አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቆጣሪ የታወቀውን በትክክል መቁጠሩ ካልተረጋገጠ ያልታወቀውን ቆጠርኩ ሲል የሚታመንበት ምክንያት የለም።

ቁጥር 4 እና ቁጥር 9 ያለ ክርክር 27 ሆኑ። ክርክሩ የመጣው በቁጥር 17 ነው። እኔ 27 አልኩ፤ ባልደረባዬ 26 አለች። 26 ማለት ጥቅል ጎመን ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ከሁለት የተለያዩ የሥር ጫፎች 10 ጥርት ያሉ ሴሎችን መርጠን ሣልን። በ6ቱ 27፣ በ3ቱ 26፣ በ1ዱ 25 አገኘን።

እዚህ ላይ አማካይ ወስዶ «26 ተኩል ያህል» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ሴል ሲጨፈለቅ ግድግዳው ተቀዶ አንድ ሁለት ክሮሞሶም ወደ ውጭ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሁለት ተደራርበውም እንደ አንድ ሊታዩ ይችላሉ። በእነዚህ በሁለቱም መንገዶች ቁጥሩ ይቀንሳል። የሚጨምርበት መንገድ፣ ማለትም የጎረቤት ሴል ክሮሞሶም ተሻግሮ መግባቱ ወይም አንዱ ክሮሞሶም ሁለት መስሎ መታየቱ፣ ከዚያ የጠበበ ነው፤ የተለያዩ ሴሎች በዚህ መንገድ ደጋግመው አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠታቸውማ የማይመስል ነው። ስለዚህ ሊታመን የሚገባው በብዙ ሴሎች የተደጋገመው ከፍተኛው ቁጥር ነው። ባልደረባዬም የራሷን ሥዕሎች እንደገና አይታ፣ በአንደኛው ጥግ ላይ ከሴሉ ድንበር ወጣ ብሎ የቀረ አንድ ክሮሞሶም አገኘች።

የሰው ልጅን ክሮሞሶም ያስታወሰ በዚህ መቸገራችንን አይነቅፍብንም። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል 48 ነው ሲባል ኖሮ፣ 46 መሆኑ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. በጆ ሂን ቲዮና በአልበርት ሌቫን ነው። ሁለቱም የዕፅዋት ክሮሞሶም ሲያጠኑ የቆዩ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ በሥር ጫፎቹ ላይ የተጠቀምኩበትን የኦክሲኩይኖሊን ዘዴም ከዚያ በፊት በ1950 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት እነርሱው ናቸው።

በለስላሳዎቹ ላይ ቆጠራዬ ያን ያህል ጥብቅ አልነበረም። ቁጥር 11ን ከሌሎች አራት ጋር መርጬ ቆጠርኩ፤ አምስቱም 34 ሆኑ። የባለማሳው ኩራት፣ ያ የተጨማደደው ተክል፣ ንጹሕ የሐበሻ ጎመን ነበር ማለት ነው። ዘሩ ከገበያ የተገዛ ቅልቅል በመሆኑ እናቲቱ ራሷ በውስጧ የተለያየ ጠባይ ደብቃ ይዛ ነበር፤ ራሷን ስታዳቅል ያ የተደበቀው ወጣ። የቀሩትን 11 ለስላሳዎች ሳልቆጥር «እናታቸውን የመሰሉ» ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ። ይህ ስህተት እንደነበር የተረዳሁት ከወር በኋላ ነው።

ቁጥር 6

ተክሎቹ ዘንግ መዝዘው ማበብ ሲጀምሩ ባለማሳው ወደ ቤታቸው ወስደዋቸው ነበር። በሰኔ አንድ ቀን ደወሉልኝ። «ስድስተኛዋ አበባ ብቻ ሆነችብኝ፤ ለስላሳ ጓደኞቿ ሁሉ አዝለዋል፣ እሷ ግን ባዶዋን ናት» አሉኝ። ቁጥር 6 ለስላሳ ከተባሉትና ካልተቆጠሩት አንዷ ነበረች።

በማግሥቱ ሄጄ አየኋት። በመደቡ ላይ ከግራና ከቀኝ የቆሙት የዘር ከረጢታቸው ወፍሮ ዘንጉን ያጎበጠው ሲሆን፣ በእርሷ ዘንግ ላይ ግን አበባው እየረገፈ የቀረው እንደ ክር የቀጠነ ባዶ ከረጢት ነበር። ጎንበስ ብዬ የላይኛውን ቅጠል ግርጌ አየሁ፤ እጀታው እጅግ አጥሮ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ዘንጉን እስከ ግማሹ አቅፈውታል። ወደ ቁጥር 4 ዞርኩ፤ እዚያም ያው እስከ ግማሽ ያቀፈ ጆሮ። በ9 እና በ17 ላይም እንዲሁ። የቻይና ጎመኑ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ያቅፋል፤ የሐበሻ ጎመኑ ፈጽሞ አያቅፍም፤ እነዚህ አራቱ በመሐል ቆመዋል። ሰናፍጭ አባት ቢሆን ኖሮ ይህን ጆሮ ከየት ያመጣው ነበር?

ታዲያ ቁጥር 6 ፀጉር ለምን አጣች? የቻይና ጎመን የራሱን ብናኝ የማይቀበል፣ ከሌላ ተክል ጋር ብቻ የሚዳቀል በመሆኑ በውስጡ ሁለት ዓይነት ጠባይ ተሸክሞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፀጉር የሚያበቅለውን ዘረመል ከአንድ ወገን ብቻ ይዞ ከሆነ፣ ከልጆቹ ለገሚሶቹ ፀጉር አልባውን ያወርሳል። የአባት ምልክት መገኘቱ ማስረጃ ሲሆን አለመገኘቱ ግን ማስረጃ እንደማይሆን በመጽሐፍ አንብቤው የማውቀውን፣ በራሴ መዝገብ ላይ ስቼው ተገኘሁ። የቁጥር 6ን ሥር ወስጄ ቆጠርኩ፤ 27። ከዚያ በኋላ ያልተቆጠሩትን 10 ለስላሳዎች በሙሉ ቆጠርኩ፤ ሁሉም 34 ነበሩ። ድቅሎቹ 4፣ የእናታቸው ልጆች 15 ሆኑ።

የመካንነቱን ምክንያት ለማሳየት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆኑ እንቡጦች ወንዴዎችን አውጥቼ ብናኝ የሚፈጥሩትን ሴሎች አየሁ። በእናቲቱ ሴሎች 34ቱ ክሮሞሶሞች በ17 ጥንድ ተደራጅተው በመሐል ይሰለፋሉ። በድቅሎቹ ግን ከሦስት የተለያዩ የዘር ግንዶች የመጡ 8፣ 9 እና 10 ክሮሞሶሞች አንድ ሴል ውስጥ ስለተሰባሰቡ፣ አብዛኛው ጥንድ አጥቶ በየፊናው ተበትኖ ይታያል፤ የተቀራረቡት የጥቅል ጎመንና የቻይና ጎመን ወገን ክሮሞሶሞች ናቸው እዚህም እዚያም የሚጣመሩት። ሴሉ ሲከፈል ወደየትኛው ወገን እንደሚሄዱ የጠፋባቸው መሐል ላይ ይቀራሉ። ብናኙን በአሴቶካርሚን ስቀባው የእናቲቱ ከሞላ ጎደል ክብና ቀይ ሲሆን፣ የድቅሎቹ አብዛኛው የተጨማተረና ቀለም አልቀበል ያለ ባዶ ቅርፊት ነበር።

ወረቀቱና ከዚያ በኋላ

በሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ቁጥር 4፣ 6፣ 9 እና 17 የሐበሻ ጎመን እናትና የቻይና ጎመን አባት ድቅሎች ናቸው፤ ለዚህም 27 ክሮሞሶም መያዛቸውና የላይኛው ቅጠላቸው ዘንጉን እስከ ግማሽ ማቀፉ አንድ ላይ ማስረጃ ይሆናሉ። ጥቅል ጎመን አባት ሊሆን እንደማይችል በተጨማሪ ጠቅሻለሁ፤ እርሱ ለማበብ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ስለሚፈልግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሀዋሳ በጥቅምት አብቦ ብናኝ የሚሰጥበት ዕድል አልነበረም። ብናኙ ባለማሳው በእጃቸው ከቀቡት ከዚያው ተክል ነው ወይስ ንብ ከሌላ የቻይና ጎመን ያመጣችው የሚለውን ግን ሪፖርቱ አይመልስም፤ ፀጉርም ጆሮም ቁጥርም ዝርያን እንጂ ግለሰቡን አይለዩምና።

ነጋዴው ወረቀቱን አንብቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ከአራቱ ስንት ኪሎ ዘር ይገኛል?» መልሱ ምንም ነበር። የሚያዝሉት 15ቱ ድቅል አይደሉም፤ ድቅል የሆኑት 4ቱ አያዝሉም። ግዢው በዚያው ቀረ። እኔ በዚህ በነጋዴው አልፈረድኩም፤ ወረቀቱ ባይጠየቅ ኖሮ ባለማሳው ከ15ቱ የሰበሰቡትን ተራ ጎመን ዘር በቅን ልቦና «የተዳቀለ» ብለው ይሸጡ ነበር።

ባለማሳው መካኑን ተክል እንዲያዝል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ክሮሞሶሙን በኮልቺሲን እጥፍ ማድረግ እንደሚቻል፣ 27 ወደ 54 ሲያድግ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ጥንድ ስለሚያገኝ ተክሉ ዘር ሊይዝ እንደሚችል፣ በሌላ አገር ቤተ ሙከራዎችም ይህ እንደተሠራ ነገርኳቸው። ኮልቺሲን ግን መርዝ ስለሆነ በጓሮ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ የሚገኘው ተክልም ለጥቂት ትውልድ ካልተመረጠ በስተቀር ዘሩ ጥቂት ነው። ጥቂት አሰቡና «ለጊዜው ቅጠሏን እበላለሁ» አሉ። ለዚህስ መካንነቷ ጠቀማቸው፤ ዘር ስለማትሸከም የአበባ ዘንጓን በቆረጡ ቁጥር ከጎን ታቆጠቁጣለች፤ ቅጠሏም ለስላሳ እንደሆነ አቅምሰውኛል።

በተከታዩ ጥቅምት ሥራውን እንደገና ጀመሩ። እንቡጡን ሳይከፈት፣ ገና አረንጓዴ ሳለ በወረንጦ እየከፈቱ፣ ወንዴዎቹን ጮክ ብለው «ስድስት» እስኪሉ እየቆጠሩ ነቀሉ፤ እያንዳንዱንም ከደብተር ወረቀት በሠሩት ከረጢት ሸፈኑት። በጥር ወደ ቤተ ሙከራው ሲመጡ ሁለት ፌስታል ይዘው ነበር። በአንደኛው ውስጥ አጫጭር፣ የኮሰመኑ፣ በውስጣቸው አንድ ወይም ሁለት ዘር ብቻ በጣት የሚዳሰስ ከረጢቶች ነበሩ። በሌላኛው ያሉት ረዣዥምና ዘራቸው እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ነበር።

«እነዚህን ቁጠርልኝ» አሉና የኮሰመኑትን ወደ እኔ ገፉ። ወፍራሞቹን ያሳዩኝ እንደለየኋቸው እይልኝ ለማለት ብቻ ነበር፤ ፌስታሉን ጠቅልለው መልሰው ያዙት። «እነዚህ ለባለቤቴ ናቸው፤ ማሰሻዋ አልቋል።»